ለገሃር ስሙ ቀረ፣ ባቡሩ ለቡ ገባ

በቀደም የእህቴ ልጅ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ጥያቄ ይዛ መጣች። «ለገሃር ማለት ምን ማለት ነው? እንደ ለገጣፎና እንደ ለገዳዲ ነው?» አለችኝ።

ጥያቄው ደስ አለኝ። ለገጣፎና ለገዳዲ የኦሮምኛ ስሞች ናቸው፤ «ለገ» ወንዝ ነው። ለገሃር ግን ከወንዝ ጋር አይገናኝም። ፈረንሳይኛ ነው። ፈረንሳዮች ባቡር ጣቢያን «ላ ጋር» ይሉታል። የአዲስ አበባ ሰው ለአፉ እንደሚመቸው አድርጎ ለገሃር አለው። ስለዚህ «ለገሃር ባቡር ጣቢያ» ስንል ያንኑ ቃል ሁለት ጊዜ መጥራታችን ነው።

ይህን ነግሬያት ሳልጨርስ ሌላ ጥያቄ አስከተለች። «ታዲያ ባቡሩ የታለ?»

የዛሬው ጽሑፌ ስለዚህ ሁለተኛ ጥያቄ ነው። ዛሬ ለገሃር ላይ የሚቆመው የከተማው ቀላል ባቡር ብቻ ነው። ወደ ድሬዳዋና ወደ ጅቡቲ የሚሄደው ባቡር የሚነሣው ከለቡ ነው። ለቡ ደግሞ በከተማዋ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ፣ ፉሪ አጠገብ ነው። ብዙ ሰው «ጣቢያውን ከመሀል ከተማ ለምን አወጡት?» ብሎ ይበሳጫል። ብስጭቱ ይገባኛል። ግን ታሪኩን ከሥሩ ሳየው አንድ ነገር አስተዋልኩ። የባቡር ጣቢያ ሲወለድ ብዙውን ጊዜ ከከተማ ዳር ነው። መሀል ከተማ የምንለው ለገሃር ራሱ በጊዜው ዳር ነበር። ዋናው ቁም ነገር ከተማው በኋላ ወደ ጣቢያው መንገድ ሠራለት ወይ የሚለው ነው።

ከዚህ በታች የምጽፋቸው ዓመታት በሙሉ በእኛው አቆጣጠር ናቸው።

ሐረር የቀረባት ባቡር

ነገሩ የሚጀምረው ከባሕር ነው። በ1886 ዓ.ም ዐፄ ምኒልክ ለስዊዘርላንዳዊው አማካሪያቸው ለአልፍሬድ ኢልግ ሐዲድ የመዘርጋት ፈቃድ ሰጡ። ኢልግ ከፈረንሳዊው ነጋዴ ከሌዎን ሸፍኑ ጋር ሆኖ ኩባንያ አቋቋመ። በ1890 ዓ.ም መጀመሪያ ላይ ሥራው ከጅቡቲ ተጀመረ። ሐዲዱ ጠባብ ነበር፤ በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለው ስፋት አንድ ሜትር ብቻ ነው። ጠባብ ሐዲድ ወጪው ያንሳል። በተራራ ሥር ሲጠማዘዝም ይመቻል።

በነገራችን ላይ «ባቡር» የሚለው ቃል ራሱ ብዙ የተጓዘ ቃል ነው። መነሻው እንፋሎት የሚል ትርጉም ያለው የአውሮጳ ቃል ነው። በቱርክኛና በዐረብኛ በኩል ሲያልፍ የእንፋሎት መርከብም በዚሁ ስም ይጠራ ነበር። አባቶቻችን «ምድር ባቡር» ያሉት በባሕር የሚሄድ ባቡርም ስለነበረ ነው።

የመጀመሪያው ዕቅድ ባቡሩን ሐረር ማስገባት ነበር። ሐረር ትልቅ የንግድ ከተማ ናት። ነጋዴውም ቡናውም እዚያ ነው። ግን ሐረር ከፍታ ላይ ናት። እዚህ ላይ ቆም ብለን ስለ ባቡር አንድ ነገር ማወቅ አለብን። ቀሪው ታሪክ የሚገባን ይሄ ሲገባን ነው።

የመኪና ጎማ አስፋልቱን ቆንጥጦ ይይዛል። የባቡር ጎማ ግን ብረት ነው፤ የሚሄደውም በብረት ላይ ነው። ብረትና ብረት ሲነካኩ መፋተጋቸው ትንሽ ነው። አንድ ባቡር ስንትና ስንት የጭነት መኪና የሚሸከመውን ዕቃ በትንሽ ነዳጅ የሚጎትተው በዚህ ምክንያት ነው። ሜዳ ላይ የጠቀመው ይሄው ነገር ዳገት ላይ ይጎዳዋል። ዳገቱ ሲበረታ ጎማው ባለበት ይሽከረከራል እንጂ ወደፊት አይገፋም። መኪና በ100 ሜትር ጉዞ 10 ሜትር ከፍ የሚል ዳገት ይወጣል። ለባቡር በ100 ሜትር ጉዞ 2 ወይም 3 ሜትር ከፍ ማለት እንኳ ከባድ ዳገት ነው። ስለዚህ የባቡር መሐንዲስ ካርታውን ሲዘረጋ መጀመሪያ የሚፈልገው ሰው የሰፈረበትን ቦታ አይደለም። መሬቱ የት ለስለስ ይላል የሚለውን ነው።

ሐረር የቀረባት በዚህ ነው። ሐዲዱ ከተራራው ግርጌ፣ ሜዳው ላይ ቆመ። በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም ባቡሩ የደረሰበት ያ ሜዳ «አዲስ ሐረር» ተባለ። ዛሬ ድሬዳዋ የምንላት ከተማ ናት። ጣቢያው ከተማውን ስላላገኘው ከተማ ራሱ ወደ ጣቢያው መጣ። የባቡር መጠገኛው ተሠራ። ነጋዴው ወረደ። ከዚራ የሚባለው ሰፈር ቀጥ ባሉ ጎዳናዎች ተቀየሰ። ሐረር ከእነግንቧ ከላይ ቀረች። እኔ በአገራችን ታሪክ ውስጥ የጣቢያን ጉልበት እንደ ድሬዳዋ የሚያሳይ ነገር አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ገንዘብ አለቀ። ፈረንሳይ፣ እንግሊዝና ጣሊያን ሐዲዱን ማን ይቆጣጠረው በሚለው ይሻኮቱ ነበር። ምኒልክም ሐዲዱ ተገን ሆኖ የውጭ መንግሥት እንዳይገባ ይሰጉ ነበር፤ ስጋታቸውም ከንቱ አልነበረም። ኩባንያው ከሰረ። በጥር 1900 ዓ.ም ፈቃዱ በሐኪማቸው በዶክተር ቪታልየን በኩል ለአዲስ ኩባንያ ተሰጠ። እኛ ፍራንኮ-ኢትዮጵያ የምድር ባቡር ኩባንያ ብለን የምናውቀው እሱ ነው። እስከዚያ ድረስ ግን የባቡሩ መጨረሻ ድሬዳዋ ነበር። ከድሬዳዋ ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ ሰውና ዕቃ ለሳምንታት በበቅሎና በግመል ይጓዝ ነበር።

አቃቂ፣ ከዚያ ለገሃር

ሁለተኛው ኩባንያ ሥራውን ቀጥሎ አዋሽን ተሻገረ። በ1907 ዓ.ም ገደማ ሐዲዱ አቃቂ ደረሰ። አቃቂ ከአዲስ አበባ 23 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቅ ነበር። ለሁለት ዓመት ያህል የሐዲዱ ጫፍ እዚያ ሆነ። ዛሬ አቃቂ ክፍለ ከተማ ሆና ከአዲስ አበባ ጋር ስለተዋሐደች ይህ ላይታየን ይችላል። በዚያን ጊዜ ግን አቃቂና አዲስ አበባ በሜዳና በወንዝ የተለያዩ ሁለት ቦታዎች ነበሩ። ጣቢያ ከከተማ መራቁ ከለቡ ጋር የመጣ አዲስ ነገር እንዳልሆነ የምለው ይህን ይዤ ነው።

ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም ነው። ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ 784 ኪሎ ሜትር ተዘርግቶ አለቀ። ከባሕር ጠርዝ የተነሣው ሐዲድ ከ2,300 ሜትር በላይ ወደሆነ ከፍታ ወጣ። ያን ጊዜ ባቡር ሌሊት ስለማይሄድ ጉዞው ሦስት ቀን ይፈጅ ነበር። መንገደኛው አንድ ሌሊት ድሬዳዋ፣ አንድ ሌሊት አዋሽ ያድራል።

አሁን ወደ ቦታው ጥያቄ እንምጣ። አዲስ አበባ ውስጥ ለምን እዚያ ቆመ? የከተማዋን አቀማመጥ አስቡት። በሰሜን እንጦጦ አለ። ከእንጦጦ ሥር ጀምሮ መሬቱ ወደ ደቡብ፣ ወደ አቃቂ ሜዳ ይወርዳል። የዚያን ጊዜው ከተማ ሁለት ልብ ነበረው። አንዱ ግቢ፣ ማለትም ቤተ መንግሥቱ ነው፤ ሁለተኛው አራዳ ነው፤ ዛሬ ፒያሳ የምንለው። ሁለቱም ከፍ ያለ ቦታ ላይ ናቸው። ባቡሩ የሚመጣው ግን ከታች፣ ከአቃቂ በኩል ነው። ወደ አራዳ ላውጣው ቢባል ያን ሁሉ ዳገት መጋፈጥ ነው። ስለዚህ ዳገቱ ሳይጀምር፣ ከፍልውሃ ብዙም ሳይርቅ፣ ረባዳው መሬት ላይ ቆመ። ከአራዳ ቁልቁል ለሚያይ ሰው ለገሃር ከከተማው በታች ያለ ዳርቻ ነበር።

የማታምኑኝ ካላችሁ አንድ ቀን ከለገሃር ተነሥታችሁ በቸርችል ጎዳና ወደ ፒያሳ በእግራችሁ ውጡ። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ስትደርሱ ትንፋሻችሁ ይነግራችኋል። እናንተን ያስተነፈሳችሁ ያ ዳገት ነው ባቡሩን ከታች ያስቀረው።

ባቡሩ ከገባ በኋላ 12 ዓመት ያህል ከተማዋ ዛሬ የምናውቀው ሕንፃ አልነበራትም። የለገሃር ሕንፃ የተመረቀው በኅዳር 1922 ዓ.ም ነው። በጊዜው ከአዲስ አበባ ታላላቅ ሕንፃዎች አንዱ ነበር። የተመረቀበት ጊዜም ጥሩ አጋጣሚ ሆነ። በጥቅምት 1923 ዓ.ም ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ ሲደፉ ከብዙ አገር የመጡት እንግዶች ከጅቡቲ በባቡር ተጉዘው የወረዱት እዚያ ነው። ከሕንፃው ፊት ለፊት የቆመው የይሁዳ አንበሳ ሐውልትም የተመረቀው ለዚሁ በዓል ነው። እስቲ አስቡት፤ የአገር ምልክት የሆነ ሐውልት ባቡር ጣቢያ በር ላይ የሚቆመው ለምንድን ነው? የከተማው በር እዚያ ስለነበረ ነው። እንግዳ አገሪቱን መጀመሪያ የሚያያት ከዚያ በር ወጥቶ ነው።

የአንበሳው ታሪክ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል፤ ግን ሳልነካው አላልፍም። ጣሊያን በወረራው ጊዜ ነቅሎ ሮም ወሰደው። በ1930 ዓ.ም ዘርዓይ ደረስ በዚያው በሮም አደባባይ ጎራዴውን መዞ ታሪክ ሠራ። አንበሳው ወደ ቦታው የተመለሰው ከተወሰደ ሠላሳ ዓመት ያህል ቆይቶ ነው። ዛሬም ያው ለገሃር ቆሟል። ከዘርዓይ ሥራ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በሚያዝያ 1928 ዓ.ም፣ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ወደ ስደት የወጡት በዚሁ ሐዲድ ነው። አንድ ሐዲድ ላይ የዘውድ እንግዳና ስደተኛ ንጉሥ በስድስት ዓመት ውስጥ ተመላልሰውበታል።

ዳር የነበረው እንዴት መሀል ሆነ

ለእኔ ከታሪኩ ሁሉ የሚበልጠው ክፍል ይህ ነው። ለገሃር ዳር ሆኖ አልቀረም። ከተማው ወደ እሱ ወረደ።

የቸርችል ጎዳናን ሁለት ጫፎች ተመልከቱ። ከላይ ማዘጋጃ ቤት አለ። ከታች ባቡር ጣቢያው አለ። መንገዱ እንደ ገመድ ሁለቱን አሥሯቸዋል። በዚያ መንገድ ግራና ቀኝ ምን እንደተሠራ ደግሞ ቁጠሩ። ሊሴ ገብረማርያም፣ ጥቁር አንበሳ፣ ዋናው ፖስታ ቤት፣ ብሔራዊ ትያትር። ባንኮችና ሆቴሎች በዙሪያው ተከማቹ። ከክፍለ ሀገር በባቡር የመጣ ሰው ከጣቢያው ወጥቶ ጥቂት ሲራመድ ደብዳቤውን ይልካል፣ ገንዘቡን ያወጣል፣ ማደሪያውን ይይዛል። ጣቢያውን መሀል ከተማ ያደረገው ሕንፃው ብቻ አይደለም፤ ወደ እሱ የተዘረጋው መንገድና በመንገዱ ላይ የተሠራው ሁሉ ነው።

ይህ በአንድ ቀን የሆነ ነገር አይደለም። ባቡሩ ከገባበት ጊዜ እስከ ዛሬው የማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል አለፈ። ጣቢያ ከተማን ይስባል፤ ግን በዝግታ ነው፤ የሚያግዘው ሰውም ይፈልጋል።

ባቡሩ እንዴት ዝም አለ

መጀመሪያ የከተማው በር ተቀየረ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም በረራ ጀመረ። ከዚያ ቦሌ ተሠራ። የውጭ እንግዳ ከዚያ ወዲህ ለገሃር መውረዱን ተወ። ቀጥሎ መንገድ በየአቅጣጫው ተሠራና የጭነት መኪና ዕቃውን ከባቡሩ ወሰደ። የጭነት መኪና ከወደብ ጭኖ መጋዘን በር ድረስ ያደርሳል። ባቡር ግን ጣቢያ ላይ ያራግፍና ዕቃው እንደገና መኪና ላይ ይጫናል።

በ1969 እና 1970 ዓ.ም የሶማሊያ ወረራ ጊዜ ድልድዮች ፈረሱና መስመሩ ተቋረጠ። ተጠግኖ ሠራ፤ ግን እያረጀ ሄደ። አንድ ሜትር ስፋት ያለው የምኒልክ ዘመን ሐዲድ የዚህን ዘመን ጭነት መሸከም አቃተው። የሚያሳዝነው ጊዜው ነው። ከ1990 ዓ.ም ጀምሮ የአሰብ ወደብ ሲዘጋብን የአገሪቱ ገቢ ዕቃ ሁሉ ወደ ጅቡቲ ዞረ። ባቡሩ ከምንጊዜውም በላይ የተፈለገበት ጊዜ ነበር። እሱ ግን ደክሞ ነበር፤ ሥራውን ሁሉ የጭነት መኪናዎች ያዙት። በ2000 ዓ.ም አካባቢ ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ የነበረው ጉዞ ቆመ።

ሊቶሪና የሚባለውን የድሮ የተሳፋሪ ባቡር ተሳፍረው ያደጉ ሰዎች ዛሬም ሲያወሩ ድምፃቸው ይለወጣል። በየጣቢያው የሚሸጠውን ብርቱካን፣ በመስኮት የሚቀበሉትን ውኃ፣ የድሬዳዋን ሙቀት ያነሣሉ። እነሱን ስሰማ የቆመው ባቡር ብቻ እንዳልነበረ ይገባኛል።

ታዲያ ለቡ ለምን ተመረጠ?

አዲሱ የኢትዮ-ጅቡቲ ባቡር በመስከረም 2009 ዓ.ም ተመረቀ። መደበኛ አገልግሎት የጀመረው በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም ነው። ከመመረቁ በፊትም በ2008 ዓ.ም ድርቅ ጊዜ ሐዲዱ ገና ሳያልቅ እህል አመላልሷል። የሠሩት ሁለት የቻይና ኩባንያዎች ናቸው። መስመሩ ከሰበታ ተነሥቶ በለቡ፣ በእንዶዴ፣ በቢሾፍቱ፣ በሞጆና በአዳማ አድርጎ ወደ ድሬዳዋና ጅቡቲ ይሄዳል።

«የድሮውን ሐዲድ አድሰው ለገሃር ለምን አላስገቡትም?» የሚለው ጥያቄ በተደጋጋሚ ይነሣል። መልሱ ከስፋቱ ይጀምራል። የአዲሱ ሐዲድ ስፋት 1,435 ሚሊ ሜትር ነው። የድሮው 1,000 ነበር። ስለዚህ የድሮው ሐዲድ ማደሻ የለውም፤ ተነሥቶ ሌላ መዘርጋት አለበት። ስፋቱ ግን ቀላሉ ችግር ነው። ከባዱ ጥምዝምዙ ነው።

ባቡር መሪ የለውም። የሚታጠፈው ሐዲዱ ሲታጠፍ ነው። ፍጥነቱ በጨመረ ቁጥር መታጠፊያው ሰፊ መሆን አለበት፤ አለዚያ ወደ ውጭ ይገፋዋል። የድሮው ባቡር ቀስ ብሎ ስለሚሄድ ኮረብታ እየዞረ፣ ወንዝ እየተከተለ ይገባ ነበር። አዲሱ የተሳፋሪ ባቡር በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር እንዲሄድ ተብሎ የተሠራ ነው። የጭነቱ ባቡር ደግሞ በጣም ረጅምና ከባድ ነው። እንዲህ ያለ ባቡር መሀል ከተማ ለማስገባት ረጅምና ሰፊ መታጠፊያ ይፈልጋል። እስከ አዳማ ድረስ ደግሞ ሐዲዱ ጥንድ ነው፤ አንዱ ለሚሄድ፣ አንዱ ለሚመጣ። በላዩ ላይ 25 ሺህ ቮልት የተሸከመ ሽቦ አለ። ሕፃናት የሚጫወቱበትና ሰው ሐዲድ ተሻግሮ ገበያ የሚሄድበት ሰፈር መሀል ይህን ማሳለፍ ቀላል አይደለም። ወይ ብዙ ቤት ይፈርሳል፣ ወይ ረጅም ድልድይ ይሠራል። ሁለቱም ውድ ናቸው።

ሌላው ምክንያት ብዙ ሰው የማያስበው ነው። ለገሃር መጨረሻ ጣቢያ ነበር። ሐዲዱ እዚያ ሲደርስ ያልቃል። ባቡሩ ለመመለስ ሞተሩ ከፉርጎዎቹ ተፈቶ፣ ዞሮ በሌላው ጫፍ መቀጠል አለበት። አዲሱ መስመር ግን ወደፊት ወደ ምዕራብ ኢትዮጵያ እንዲቀጥል የታሰበ ነው። ሰበታ ድረስ የተሳበው ለዚህ ነው። እንዲህ ያለ መስመር የሚፈልገው በከተማው ጎን የሚያልፍ ጣቢያ ነው፤ ለገሃር ገብቶ መውጣት ቀኙን ትቶ ወደ ግራ ዞሮ እንደገና መመለስ ይሆንበት ነበር።

እነዚህን ምክንያቶች አምኜ እቀበላቸዋለሁ። አንድ ነገር ግን መናገር አለብኝ። ምክንያቶቹ በሙሉ ለዕቃ ይመቻሉ። ኮንቴይነር መሀል ከተማ መግባት አያስፈልገውም፤ እንዲያውም ባይገባ ይሻላል። የጭነቱ ጣቢያ እንዶዴ ላይ መሆኑ ትክክል ነው። ሰው ግን ኮንቴይነር አይደለም። ልጅ ያዘለች እናት፣ ሻንጣ የያዘ ተማሪ፣ ታሞ ለሕክምና የመጣ ሽማግሌ መሀል ከተማ መድረስ አለባቸው። መስመሩ የተቀየሰው ዕቃን ቀድሞ ሰውን አስከትሎ ነው። ስለዚህ ርቀቱን በኪሱና በጊዜው የሚከፍለው ተሳፋሪው ነው።

የድሬዳዋ ሰውም ይህን ያውቀዋል። አዲሱ ጣቢያ ከከተማው ወጣ ብሎ ተሠራ። ከዚራ ያለው የድሮው ጣቢያ፣ ያችን ከተማ የወለዳት ጣቢያ፣ በአዲሱ መስመር ላይ የለም።

የማይገናኙት ሁለት ሐዲዶች

የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር በመስከረም 2008 ዓ.ም ሥራ ጀመረ። አንዱ መስመር ከምኒልክ አደባባይ ወደ ቃሊቲ፣ ሌላው ከአያት ወደ ጦር ኃይሎች ይሄዳል። ሁለቱ መስመሮች ከመስቀል አደባባይ እስከ ልደታ አንድ ሐዲድ ይጋራሉ። ለገሃር ያለው በዚህ በጋራው ክፍል ላይ ነው። ይህ ማለት ከየትኛውም የከተማው ቀላል ባቡር ተሳፍራችሁ ለገሃር ትወርዳላችሁ። በቀላል ባቡሩ ካርታ ላይ ከለገሃር የተሻለ የመገናኛ ቦታ ጥቂት ነው።

የረጅም ጉዞው ባቡር ግን እዚያ የለም። ቀላል ባቡሩ ደግሞ ለቡ አይደርስም። የሁለቱ ሐዲድ ስፋት አንድ ነው፤ ሁለቱም 1,435 ሚሊ ሜትር ናቸው። ያም ሆኖ አንዱ ባቡር በሌላው ሐዲድ መሄድ አይችልም፤ ቀላል ባቡሩ የሚሠራው በ750 ቮልት ስለሆነ ኤሌክትሪኩ አይመጣጠንም። ግን ባቡሮቹ መግባት አያስፈልጋቸውም። ሰው ከአንዱ ወርዶ ወደ ሌላው በእግሩ የሚሻገርበት አንድ ጣቢያ ቢኖር ይበቃ ነበር። ቀላል ባቡሩ አንድ ቅርንጫፍ ወደ ለቡ ቢኖረው የለቡ ርቀት ግማሹ ይረሳ ነበር። ለለገሃር ቸርችል ጎዳና እንደተሠራለት፣ ለቡም የራሱ «ቸርችል» ያስፈልገዋል። አስፋልትም ይሁን ሐዲድ ግድ የለም፤ በማንኛውም ሰዓት ያለ ጭንቀት የሚያደርስ ይሁን እንጂ።

ከተማው ወደዚያ እየሄደ መሆኑ ግን ይታያል። ጀሞ፣ ለቡ፣ ፉሪ የዛሬ ሃያ ዓመት እንደነበሩት አይደሉም። ኮንዶሚኒየሙም ሪል እስቴቱም ወደዚያ ወርዷል። ጣቢያው ሲቀየስ እርሻ አጠገብ የነበረ መሬት ዛሬ መኖሪያ ሰፈር ሆኗል።

ለገሃርስ? በ2011 ዓ.ም የጣቢያውን አካባቢ የሚያካትት ትልቅ የልማት ሥራ የመሠረት ድንጋይ ተጣለ። ቦታው 36 ሄክታር ነው፤ አልሚው ኢግል ሂልስ የተባለ የአቡ ዳቢ ኩባንያ ነው። የድሮው የጣቢያ ሕንፃ በቅርስነት እንደሚጠበቅ ተነግሯል። እኔ የምመኘው ሕንፃው ሲጠበቅ ከፊቱ ያለው ሜዳና ከኋላው ያለው የሐዲድ ቦታም ትንሽ እንዲቀርለት ነው። ሐዲድ የሌለው ጣቢያ ልጆች ሲያዩት ማንኛውም አሮጌ ቤት ነው የሚመስላቸው። ሁለት ሊቶሪናና መቶ ሜትር ሐዲድ አብረውት ቢቀመጡ ግን «ታዲያ ባቡሩ የታለ?» የሚል ልጅ መልሱን በዓይኑ ያያል።

ይህን ሁሉ ለእህቴ ልጅ በሁለት ቀን ከፋፍዬ ነገርኳት። ዳገቱን አስረዳኋት፤ ድሬዳዋ እንዴት እንደተወለደች ነገርኳት። ለክረምት ዕረፍት ድሬዳዋ በባቡር እወስድሻለሁ ብዬ ቃል ገብቼላት ስለነበር የመጨረሻ ጥያቄዋ አጭር ነበር።

«ባቡሩ ጠዋት ከሆነ የሚነሣው፣ እኛ ከቤት ስንት ሰዓት ነው የምንወጣው?»

የምንኖረው ከከተማው ሌላኛው ጫፍ፣ አያት ነው። ሳይነጋ አልኳት።